ለልጆች የገና ስጦታ ስንት ዶላር ይበቃል? አሜሪካ ላለን ወላጆች

ኦክቶበር ሳያልቅ ሱቁ ሁሉ የገና ዕቃ ይደረድራል፣ ልጆችም ዝርዝራቸውን ማንበብ ይጀምራሉ። እኛ ደግሞ «እናያለን» እያልን ቀኑን እንገፋና ዲሴምበር 20 አካባቢ ካርዳችንን ይዘን እንሮጣለን። በዚያ ሰዓት የሚገዛ ስጦታ ኪስ ያራግፋል፤ ምክንያቱም ስንት እንደምናወጣ ሳንወስን ዕቃው ፊት ቆመናል፣ ልጁም ዓይን ዓይናችንን እያየ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ገንዘቡን እንወስን፤ ስጦታው ከዚያ በኋላ ይመረጣል።

ሌላው ሰው ስንት ያወጣል?

ይህን ጥያቄ ሁሉም ይጠይቃል፣ መልሱ ግን ብዙም አይጠቅምም። ናሽናል ሪቴል ፌዴሬሽን የተባለው የቸርቻሪዎች ማኅበር በ2024 ባሰባሰበው አስተያየት መሠረት አንድ ሸማች ለበዓሉ ሰሞን ሊያወጣ ያሰበው በአማካይ 902 ዶላር ነበር። ታዲያ ይህ የልጆች ስጦታ ብቻ አይደለም፤ ምግቡም፣ ማስጌጫውም፣ ለዘመድና ለሥራ ባልደረባ የሚገዛውም አለበት። ደግሞ አማካይ ነው። ኪራይ ከፍሎ፣ በየወሩ ለእናቱ ልኮ፣ የታናሽ ወንድሙን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሸፍን ሰው ከዚህ ቁጥር ጋር ራሱን የሚያወዳድርበት ምንም ምክንያት የለም። የእናንተ ቁጥር ከእናንተው ደመወዝ ነው የሚወጣው።

ቁጥሩን እንዴት እናውጣው

ወረቀት ያዙ፣ ስልክም ይሆናል። ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር ባሉት አራት ወራት ኪራዩ፣ አስቤዛው፣ መኪናው፣ ኢንሹራንሱና ሀገር ቤት የሚላከው ከተከፈለ በኋላ እጃችሁ ላይ ስንት ይቀራል? «ኦቨርታይም ከተገኘ» የሚባለውን አትቁጠሩ። ሲገኝ ያኔ ይታያል።

ለምሳሌ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ፣ ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት እንውሰድ። ሁሉም ተከፍሎ በወር 350 ዶላር ይተርፋቸዋል እንበል። በአራት ወር 1,400 ሆነ። ከዚህ ላይ 400ው አይነካም፤ ክረምት ነው፣ የመኪና ባትሪ የሚሞተው ሥራ በሚረፍድበት ጠዋት ነው። 1,000 ቀረ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፣ አንድ ሺውን በሙሉ የልጆቹ ያደርገዋል። በዓሉ ግን ሌላም ወጪ አለው። ከመደበኛው ውጪ ለገና ሀገር ቤት የሚላክ 300፣ በዓል ሆኖ ባዶ እጅ አይደወልማ። ለዶሮው፣ ለሥጋው፣ ለቅቤውና ለድፎ ዳቦው 200። ለአስተማሪዎች፣ ልጅ ለምትጠብቅላቸው ሴትዮና ለመሥሪያ ቤት የስጦታ ልውውጥ 100። መጠቅለያ ወረቀት፣ መብራት፣ ለመጫወቻው የሚሆን ባትሪ 50። አሁን 350 ቀረ። 50ዋን ለተረሳ ነገር እንተዋት፤ ሁልጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። ለእያንዳንዱ ልጅ 150 ዶላር ደረሰው ማለት ነው።

150 ሲባል ከነታክሱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የሽያጭ ታክሱ 6 በመቶ ስለሆነ መደርደሪያው ላይ የተጻፈው ዋጋ 141 ዶላር ሲደርስ በጀቱ አለቀ።

የእናንተ ሒሳብ 60 ዶላር ላይ ካቆመ 60 ይሁን። ከዚያ ላይ አትጨምሩ፣ በተለይ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ሶፋ ላይ ጋደም ብላችሁ ስልክ ስትነካኩ።

ዕቃው ሌላ ዕቃ ይጠራል

ዋጋ ስታዩ ሙሉውን ዋጋ እዩ። ኒንቴንዶ ስዊች 2 በ2025 ሲወጣ ማሽኑ ለብቻው 449 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነበር። ልጁ ግን ማሽኑን አቅፎ አይቀመጥም፣ ጌም ይፈልጋል፤ አዲሱ ማሪዮ ካርት ለብቻው ሲገዛ 79 ከ99። ሁለቱ ሲደመሩ ከሜሪላንድ ታክስ ጋር 561 ዶላር ከ78 ሳንቲም መጡ። ከጓደኛው ጋር በኢንተርኔት ለመጫወት ደግሞ የአባልነት ክፍያ አለ፣ ያውም በየዓመቱ የሚታደስ። «አራት መቶ ሃምሳ ነው» ብሎ የወጣ አባት ከስድስት መቶ ብዙም ሳይርቅ ተመለሰ። ይህን ዓይነት ዕቃ የምትገዙ ከሆነ ለሁለቱም ልጆች በጋራ ይሁን፣ እሱንም ሣጥኑ ላይ ስማቸውን ሁለቱንም ጽፋችሁ ስጡ፤ አለበለዚያ ታላቅየው እስከ ፋሲካ የእኔ ነው ይላል።

ሮብለክስ የሚባለው የኢንተርኔት ጌም ውስጥ ዕቃ የሚገዛበት ገንዘብ፣ ሮበክስም እንዲሁ ነው። የ25 ዶላር ካርድ ልጁን ያስደስታል፣ ችግር የለውም፣ ግን ጃንዋሪ ሳይጋመስ አልቆ «ሌላ» ይባላል። ከበጀቱ ውስጥ ይቆጠር።

ዝርዝሩን ከልጁ ጋር ማሳጠር

አሥራ አምስት ነገር ለጻፈ ልጅ ሦስት ብቻ ምረጥ፣ በቅደም ተከተል አስቀምጥ በሉት። እዚህ ሀገር ብዙ ወላጆች የሚጠቀሙባት ዘዴም አለች፤ አንድ የሚፈልገው፣ አንድ የሚያስፈልገው፣ አንድ የሚለብሰው፣ አንድ የሚያነበው፣ በቃ አራት። ጥሩ ናት፤ ግን የክረምት ጃኬቱን ጠቅልላችሁ «የሚያስፈልገው» ብትሉት ልጁ ይነቃባችኋል፣ ጃኬት በበዓልም ባይሆን እንደሚገዛለት ያውቃል።

ዘጠኝና አሥር ዓመት ለሞላው ልጅ ቁጥሩን ራሱን ብትነግሩት ምንም አይሆንም። «ልጄ፣ ዘንድሮ 150 ዶላር አለህ። ይሄ ጫማ 95 ነው፣ ይሄ ሌጎ 80 ነው፣ ሁለቱም አይገቡም። የትኛው ይሻልሃል?» ብላችሁ አስቀምጡት። ሲደምር፣ ሲቀንስ፣ ሌላ ሱቅ በ70 አገኘሁ ብሎ ሲመጣ ታያላችሁ። «ጓደኛዬ እኮ ተገዝቶለታል» ካለ ደግሞ ክርክር ውስጥ አትግቡ። «የእነሱ ቤት ሒሳብ ሌላ ነው፣ የእኛ ይሄ ነው» ይበቃል። እኛ በልጅነታችን በአንድ አዲስ ልብስና በገና ጨዋታ እንደረካን መተረኩ ምንም አያመጣም፤ ሰምተውታል፣ ዓይናቸውን ነው የሚያዞሩት።

እኩልነት ላይ አንድ ነገር ልበል። ትንንሾቹ የሚቆጥሩት የተጠቀለለውን ብዛት ነው፤ እሱ አምስት እኔ ሦስት ካለ ለቅሶ ነው፣ አምስቱ በድምሩ 20 ዶላር ቢሆኑም። ታዳጊዎቹ ግን ዋጋውን ስልካቸው ላይ አይተው ጨርሰዋል። ስለዚህ ለትንንሾቹ ቁጥሩን፣ ለትልልቆቹ ዋጋውን አመጣጥኑ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ደግሞ በካርቶኑ ስለሚጫወት የእሱን ድርሻ ለወንድሙ ብታዞሩት አይከሳችሁም።

ሳንታ አለ የምትሉ ቤቶች፣ ውዱን ዕቃ ለሳንታ አትስጡት። ከእማማና ከአባባ የመጣ ይባል፤ ሳንታ ትንሿን ያምጣ። ለአንዱ ልጅ አይፓድ፣ ለሌላው ካልሲ ያመጣ ሳንታ ክፍል ውስጥ ወሬው ሲወራ ለካልሲው ልጅ ማን መልስ ይሰጣል?

ሁለት ገና መኖሩ ለኪስ ይጠቅማል

ዲሴምበር 25 አለ፣ ጃንዋሪ 7 አለ። ብዙ ወላጅ ይህን እንደ ድርብ ወጪ ነው የሚያየው፣ በሁለቱም ሙሉ ስጦታ ከሰጣችሁ እውነትም ድርብ ነው። ግን አንዱን ቁጥር ለሁለት ክፈሉት። ለኦርቶዶክስ ቤተሰብ ዲሴምበር 25 ጾመ ነቢያት ሳይፈታ ስለሆነ ዶሮ አይሠራም፣ የምግቡ ወጪ አንዴ ብቻ ነው። ለፈረንጆቹ ገና የ50 ዶላር ነገር ይበቃል፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሲከፈት «አንተስ ምን አገኘህ?» ሲባል የሚናገረው ይኖረዋል። ትልቁ ስጦታ ለእኛው ገና ይቆይ።

ጥቅሙ ምን መሰላችሁ፣ ከዲሴምበር 26 ጀምሮ ሱቆች የተረፋቸውን ዕቃ ዋጋ ይሰብራሉ። መጠቅለያ ወረቀቱ፣ የገና ዛፉ፣ መብራቱ በግማሽና ከዚያም በታች ይገኛል፤ መጫወቻና ልብስም እንዲሁ ይቀንሳል። ጎረቤት ከጥቂት ቀናት በፊት በሙሉ ዋጋ የገዛውን እናንተ ለጃንዋሪ 7 በቅናሽ ትገዛላችሁ። አንድ ጥንቃቄ፣ ልጁ ዓመቱን ሙሉ ሲያልመው የኖረውን፣ ከገበያ ሊጠፋ የሚችለውን ዕቃ ለዚያ ቀን አታቆዩት። እሱን ብላክ ፍራይዴይ ላይ ግዙና ደብቁት። ደግሞ ከልጆቹ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ትልቁ የሚመጣው ጃንዋሪ ላይ መሆኑን ዲሴምበር 25 ጠዋት ላይ የሚሰማ ልጅ ያኮርፋል፣ እውነቱን ነው።

ጃንዋሪ 7 ብዙ ጊዜ የትምህርት ቀን ላይ ስለሚውል ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድራችሁ ጠዋት ላይ ስጦታ ለመክፈት አትሩጡ። ማታ፣ እራት ከተበላ በኋላ ይሻላል። ደረሰኝም ያዙ፤ ብዙ መደብሮች ለበዓሉ የተገዛ ዕቃ የሚመለስበትን ጊዜ ቢያራዝሙም የሚያበቃው ቀን ይለያያል፣ ለጃንዋሪ 7 የምንሰጥ ሰዎች ደግሞ ያ ቀን በቶሎ ይደርስብናል።

ካርዱና «ታክስ ሲመጣ እከፍላለሁ»

ይህቺን ዓረፍተ ነገር ሁላችንም እናውቃታለን። ችግሯ ቀኑ ነው። የካርዱ ክፍያ ጃንዋሪ ላይ ይጠይቃል። የታክስ ተመላሹ ግን በ2015 በወጣ ሕግ ምክንያት ለዝቅተኛ ገቢ ሠራተኞች የሚሰጠውን ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት ወይም ተመላሽ የሚሆነውን የልጆች ክሬዲት ለሚጠይቁ ሰዎች ከፌብሩዋሪ አጋማሽ በፊት አይለቀቅም፤ ጃንዋሪ ላይ ፋይል ብታደርጉም። ልጅ ያለን ብዙዎቻችን የምንገባው እዚህ ውስጥ ነው። እስከዚያ ወለዱ ይቆጥራል። 1,000 ዶላር በ22 በመቶ ወለድ ካርድ ላይ ጥላችሁ በየወሩ 50 ብትከፍሉ ለመጨረስ ከሁለት ዓመት በላይ ይፈጅባችኋል፣ ወለዱ ብቻ ከ250 ዶላር ያልፋል። መጫወቻው ያኔ የት እንዳለ እንኳን አይታወቅም።

ክላርና፣ አፍተርፔይ፣ አፈርም የሚባሉት የ«አሁን ውሰድ፣ ቆይተህ ክፈል» መተግበሪያዎችም አሉ። በአራት የሚከፈለው ዓይነት ብዙ ጊዜ ወለድ የለውም፣ ለዚህ ነው የሚያዘናጋው። ዲሴምበር 15 ላይ ከገዛችሁ የመጀመሪያው ያኔውኑ ይከፈላል፣ ቀጥሎ ዲሴምበር 29፣ ጃንዋሪ 12፣ ጃንዋሪ 26። ሦስት ዕቃ በሦስት መተግበሪያ ከወሰዳችሁ ጃንዋሪ ላይ ብቻ ስድስት ክፍያ ከባንክ ይቆረጣል፣ ከዚያ የፌብሩዋሪ ኪራይ ይመጣል። ከተጠቀማችሁ አንድ ብቻ።

ዘመድ ሲበዛ

የአክስትና የአጎት ልጆች አሥር ከሆኑ ለአሥሩም መግዛት ቀልድ አይደለም። ታንክስጊቪንግ ላይ ሁሉም ሲሰበሰብ ስም በወረቀት ጽፋችሁ ዕጣ አውጡ፤ እያንዳንዱ ልጅ ለአንድ ልጅ ብቻ፣ ጣሪያው 20 ዶላር። መጀመሪያ የሚቃወም አይጠፋም፣ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የተሻለ ገቢ ያለው ነው። ክርስትና እናትና ክርስትና አባት «ምን ልግዛለት?» ብለው ከጠየቁ ዝም ብላችሁ «ምንም አያስፈልግም» አትበሉ፤ ምንም ሳይዙ አይመጡማ፣ ቤት ውስጥ ያለውን አሻንጉሊት ደግመው ይገዙታል። ወይ ለትልቁ ስጦታ እንዲያዋጡ፣ ወይ የኮሌጅ ማጠራቀሚያ የሆነው 529 ሒሳብ ካላችሁ እዚያ እንዲያስገቡ ንገሯቸው።

ለሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ዕቁብ ጀምሩ። እኛ የምናውቀው ነገር ነው፤ አሥራ ሁለት እናቶች በወር 50 ዶላር ቢጥሉ ለእያንዳንዷ 600 ይደርሳታል፣ መጨረሻ ላይ ዕጣ የሚወጣላት በገና ዋዜማ ትቀበላለች። ዕጣው ቀድሞ ከወጣላችሁ የልጆቹን ድርሻ ወዲያው ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ሜይ ላይ የደረሰ ዕቁብ እስከ ዲሴምበር አይቆይም። በየወሩ የሚቆርጥላችሁ ሌላ ሰው ካስፈለጋችሁ ብዙ ክሬዲት ዩኒየኖች ለገና የሚቆጠብበት ክሪስማስ ክለብ የሚባል ሒሳብ አላቸው፤ በ1909 ፔንሲልቬንያ ካርላይል ከተማ የተጀመረ አሮጌ ዘዴ ነው። ቀድሞ ማውጣት ብዙ ጊዜ ያስቀጣል፣ እሱ ነው ጥቅሙ።

ዘንድሮ ጨርሶ ከሌለ

ሥራ ቆሞ፣ ወይ አዲስ ገብታችሁ ገና ወረቀት እየተጠበቀ ሊሆን ይችላል። ከ1947 ጀምሮ የባሕር ኃይል እግረኛ ተጠባባቂዎች የሚያካሂዱት ቶይስ ፎር ቶትስ አዲስ መጫወቻ ሰብስቦ ለልጆች ያድላል፤ ሳልቬሽን አርሚም ከ1979 ጀምሮ ኤንጅል ትሪ በሚባለው ፕሮግራሙ የልጁን ዕድሜና የልብስ ቁጥር ወስዶ የሚገዛለት ሰው ይፈልጋል። የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት አማካሪ አካባቢያችሁ ያለውን ታውቃለች፣ እሷን ጠይቁ፤ ማፈር አያስፈልግም፣ ሥራዋ ነው። ብቻ እስከ ዲሴምበር አትቆዩ፤ ምዝገባው በብዙ ቦታ የሚከፈተው በፎል ነው፣ ከታንክስጊቪንግ በፊት የሚዘጋም አለ።