ሴትና ወንድ ልጅን ሳያበላልጡ ለማሳደግ ከማዕድ ይጀምሩ

ልጆቹን በጾታ ላለማበላለጥ የሚሻ ወላጅ ከምክር በፊት ማዕዱን ቢመረምር ይበጃል። በጅማ ዞን 2,000 ያህል ታዳጊዎችን ጠይቆ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ወንዶቹም ሴቶቹም ምግብ በሚያጥርበት ቤት የመኖር ዕድላቸው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ፣ እጥረቱ በራሳቸው ላይ እንደደረሰ የተናገሩት በብዛት ሴቶቹ ነበሩ። ይህን ያዘዘ ሰው ላይኖር ይችላል፤ ሴት ልጅ አስተናግዳ ስትጨርስ የተረፈውን ትበላለች የሚለው ልማድ ብቻውን ይበቃል። ስለዚህ ወጡ ከድስት ሲወጣ የምታስተናግደው ልጅ ድርሻም አብሮ ይውጣ፤ እሷ ሳትቀመጥም መብላት አይጀመር።

ቀጥሎ ቡና የሚፈላበትን ሰዓት ያስተውሉ። ረከቦት ዘርግታ፣ ቡና ቆልታና ወቅጣ፣ ከአቦል እስከ በረካ ሲኒ ስታጥብ የምታመሽ ተማሪ በዚያው ሰዓት ከሚያጠናው ወንድሟ ጋር እኩል ትፈተናለች፤ ውጤቷ ዝቅ ሲል ግን የጎደላት ጊዜ ተረስቶ «ትምህርት አይሆንላትም» ይባላል። ለአንድ ሳምንት ያህል ማን ምን እንደሠራና ስንት ሰዓት እንደፈጀበት በወረቀት ይመዝግቡ፤ ከዚያም ሥራውን በተራ ያድርጉት። ወንዱ ልጅ ጀበና ሲይዝ ጎረቤት «ሴታሴት» ብሎ ሊስቅበት፣ አያቱም ሊቆጡ ይችላሉና፣ ከልጁ በፊት አባት ራሱ ሲኒ ቢያጥብ ሳቁ ቶሎ ይበርዳል። ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ አባት ግን ለውጡን እንደ ቅጣት ያስቆጥረዋል።

አነጋገርም ይታረም። በ1976 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ደንግጦ የሚያለቅስ አንድ ሕፃን በቪዲዮ የታያቸው ሰዎች ወንድ ነው ሲባሉ ለቅሶውን ቁጣ፣ ሴት ናት ሲባሉ ደግሞ ፍርሃት ብለውታል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባለ ያደገ ልጅ የተፈቀደለት ስሜት ቁጣ ብቻ ስለሚመስለው፣ አድጎ ሥራ ሲያጣ ወይም ሲታመም ለሚስቱ እንኳ ለመናገር ይቸገራል። ሲያለቅስ «ምን ሆንክ?» ይበሉትና መልሱን ይጠብቁ።

ከሁሉ የሚከብደው የገንዘብ ጉዳይ ነው። እናት ቀይ ቡና ለቅማና አድርቃ ሽያጩን አባት ብቻ ከተዋዋለ፣ ልጆች ስለ እኩልነት የሚነገራቸውን ቃል አያምኑም። ቡና ከመሸጡ በፊት ባልና ሚስት በዋጋው ይመካከሩ፤ ገንዘቡንም ልጆቹ እያዩ አብረው ይቁጠሩ።