ቆጥ የማይወጡና እርስ በርስ የሚነቃቆሩ ዶሮዎች፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ምልክት፦ ቄቦቹ ሲመሽ ቆጥ አይወጡም፤ እንቁላል መጣያው ሳጥን ውስጥ ወይም ጉዝጓዙ ላይ ተደራርበው ያድራሉ።

ይህ በአብዛኛው የሚታየው ከማሳደጊያ ተገዝተው በመጡ ሳሶና ቦቫንስ በሚባሉ የውጭ ዝርያ ዶሮዎች ላይ ነው። የሐበሻ ጫጩት እናቷን ተከትላ ቆጥ መውጣትን ስትለምድ፣ ወለል ላይ ብቻ ያደገችው ቄብ ግን እንጨት ላይ ማደርን አልለመደችም። ሌላው መንስኤ የከፍታ ስህተት ነው፤ ዶሮ ለማደሪያ ከፍ ያለውን ቦታ ስለምትመርጥ፣ ሳጥኑ ከቆጡ እኩል ወይም በላይ ከተሠራ እዚያው አድራ ሳጥኑን በኩስ ታበላሻለች። ሳሶ ከባድ ዶሮ በመሆኗ ከከፍታ ስትዘል እግሯን ልትጎዳ ስለምትችል፣ ቆጡን ወደ ላይ ከመስቀል ይልቅ ሳጥኑን ወደ ወለል ማውረድ ይሻላል። ለቆጥ ልጡ የተላጠና ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር የሚወፍር የባሕር ዛፍ አጣና ተስማሚ ሲሆን፣ ለእያንዳንዷ ዶሮ ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ቦታ ያስፈልጋል፤ የብረት ቧንቧ ስለሚያንሸራትትና ስለሚቀዘቅዝ አይመከርም። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል፣ ከጨለመ በኋላ ቄቦቹን አንድ በአንድ አንስቶ ቆጡ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ዶሮ በጨለማ አጥርታ ስለማታይ ተመልሳ ለመውረድ አትደፍርም።

ምልክት፦ ቆጥ ላይ ያድሩ የነበሩ ዶሮዎች በድንገት ቤት መግባት እምቢ አሉ።

በቅድሚያ ሽለምጥማጥ የሚገባበት ቀዳዳ መኖሩ ይታይ። ከሌለ፣ ቀን በእንጨቱ ስንጥቅ ተደብቆ ሌሊት ደም የሚመጥ ቀይ ቅንቅን ሊሆን ስለሚችል፣ ሌሊት በባትሪ የቆጡን ሥር መመርመር ይገባል። ዶሮዎቹን አስወጥቶ ስንጥቁን በፈላ ውሃ ማጠብ፣ ከሳምንት በኋላም ከእንቁላል የሚፈለፈለውን ለመግደል መድገም ያስፈልጋል።

ምልክት፦ አንዲት ዶሮ ከመኖ ትባረራለች፤ ላባዋ ተነቅሏል፣ ደምታለች።

በዶሮዎች መካከል የበላይና የበታች መኖሩን የኖርዌዩ ተመራማሪ ቶርሌይፍ ሼልደሩፕ-ኤቤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ገልጾታል። ስለዚህ ደም የሌለው፣ ጭንቅላት ላይ የሚያርፍ አጭር ንቁሪያ ማዕረግን ማስታወሻ እንጂ ሕመም አይደለም፤ ሰው ጣልቃ ባይገባ ይመረጣል። የጀርባና የጅራት ላባ መነቀል ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እንደ እኔ እምነት በዚህ ጊዜ ከ«ክፉዋ ዶሮ» በፊት መመርመር ያለባቸው ቤቱና መኖው ናቸው። ቤቱ ጠቦ ይሆን? ሁሉም በአንድ መመገቢያ ይሻሙ ይሆን? መኖው ፉርሽካና የቤት ትራፊ ብቻ ከሆነ የፕሮቲን እጥረት ላባ ያስነቅላልና የኑግ ፋጉሎ ይጨመርበት፤ ሁለተኛ መመገቢያም ከመጀመሪያው ራቅ ብሎ ይቀመጥ። የቆሰለችውን ለይቶ፣ ቀይ ቀለም ሌሎቹን ስለሚስብ ቁስሉን ጂቪ (ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የቁስል መድኃኒት) መቀባት ተገቢ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ አንዲቷ ዶሮ ሌሎችን መንቆር ካልተወች፣ እሷን ለጥቂት ቀናት ማግለል ያዋጣል፤ ስትመለስ እንደ እንግዳ ስለምትቆጠር የቀድሞ ቦታዋን በቀላሉ አታገኝም።

ምልክት፦ አዲስ የገባችውን ዶሮ ሁሉም ያሳድዷታል።

አዲስ ዶሮ የፈንግል በሽታ ይዛ ልትመጣ ስለምትችል ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ተለይታ ትቆይ፤ ለበዓል ተገዝቶ ጓሮ የሚታሰረው አውራ ዶሮም ከዚህ ደንብ ነፃ አይደለም። ቀጥሎ ለአንድ ሳምንት በሽቦ ወንፊት ተለያይተው እንዲተያዩ ይደረግ። በመጨረሻም ሌሊት፣ ነባሮቹ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ፣ ቢቻል ከሌላ አዲስ ዶሮ ጋር ሁለት ሆነው ከጎናቸው ይቀመጡ፤ ዱላው ለሁለት ይከፈላል።