ወይራ አይነድም፣ ይጤሳል

የሌሊት ተረኛ ነርስ ነኝ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቤቴ ስገባ ልብሴም ፀጉሬም በረኪና በረኪና ይላል። እንቅልፍ እንደሆነ ሲፈልጉት አይመጣም። እናቴ የወተት ቅሏን የምታጥነው በወይራ ነበር፤ ራሷን አረፍ ብላ ስታጥን ግን አንድም ቀን አላየኋትም። እኔ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ቅሉን ትቼ ቤቱን አጥናለሁ።

ማጨሻዬን የገዛሁት ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ነው። ከታች ሁለት ጣት ያህል አመድ አድርጉበት፣ ከሥሩም ጠፍጣፋ ድንጋይ ይቀመጥ። አመዱን ንቄ በተውኩበት ቀን ሙቀቱ ወደ ታች ወርዶ የሳሎኔ የፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ክብ ጠባሳ ጥሏል። አሁን ወንበር ሸፍኖታል።

የወይራውን እንጨት እንደ እርሳስ ቀጠን፣ እንደ አውራ ጣት አጠር አድርጌ እሰነጥቀዋለሁ፤ ለአንድ ጊዜ ሁለት ስንጥር ይበቃል። የጥድ ፍቅፋቂም ጥሩ መዓዛ አለው፣ ከየት እንደመጣ ካወቃችሁ። እኔ ከአንድ አናጢ ቤት በፌስታል ያመጣሁት ከችፑድ ጋር የተደባለቀ ኖሮ፣ የማጣበቂያው ሽታ ዓይኔን አቃጥሎ ከቤት አስወጣኝ። ቀለም፣ ቫርኒሽ ወይም ሙጫ የነካው እንጨት ማጨሻ ውስጥ አይግባ። ቀበርቾ የሚወዱ አሉ፤ እኔ ግን አራስ ቤት የገባሁ ይመስለኛል።

ቅጠሉን ጥላ ውስጥ ሰፌድ ላይ አስጡት። የወይራ ቅጠል ከላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከሥር ፈዘዝ ያለ ነው። በመዳፍ ሲጨመቅ ተንኮሻኩሾ ከተሰባበረ ደርሷል፤ ከታጠፈ ገና ነው። እርጥብ ቅጠል የሚሰጠው ወፍራምና ዓይን የሚለበልብ ጢስ ነው።

ዋናው ጉዳይ ፍሙ ነው። ከሰሉን በኤሌክትሪክ ምድጃ አያይዤ በረንዳ ላይ አቆየዋለሁ። በላምባ አታቀጣጥሉት፣ ሽታው እስከ መጨረሻው አይለቅም። መጀመሪያ ይፈነጣጠራል፣ ከዚያ ይቀላል፣ ከዚያ ነጭ አመድ ይለብሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲቀላ በመቸኮሉ ነው። ነጭ እስኪለብስ ጠብቁ። ሦስት ፍም ይበቃል።

ስንጥሩን ከፍሙ ጎን አስጠጉት እንጂ ላዩ ላይ አትጫኑት። ነበልባል ካነሳ አመድ በተን አድርጉበት፤ እናቴ «ወይራ አይነድም፣ ይጤሳል» የምትለው ለዚህ ነው። ከዚያ ቅጠሉ ይከተላል፤ አምስት ወይም ስድስት፣ አንድ በአንድ። ቅጠሉ ጫፉ ይጠቀለላል፣ ጠርዙ ላይ ቀይ ክር ይሮጣል፣ አንዲት ቀጭን ጢስ ቀጥ ብላ ወጥታ ክንድ ያህል ከፍ ስትል ትጠመዘዛለች። እኔ እሷን ነው የምመለከተው። ስልኬ ሌላ ክፍል ነው። ቡናም አላፈላም፤ ቡና ካፈላሁ ጎረቤት ይመጣል፣ ጎረቤት ከመጣ ወሬ አለ።

እጣን የመጨረሻ ነው። የመተማው ዓይነት ነጭ እጣን የበቆሎ ፍሬ ታህል ከሆነች ትበቃለች። ፍሙ ገና ትኩስ ሳለ ከጣላችሁት ወዲያው ጠቁሮ ያርራል፤ ሲደክም ግን ቀስ ብሎ ይቀልጣል፣ መዓዛውም ይቆያል።

አሁን እንደ ነርስ ልናገር። መስኮት ክፍት ይሁን፣ በክረምትም ቢሆን። ተረኛ ክፍላችን ከሰል አያይዘው በተዘጋ ቤት ያደሩ ሰዎች ይመጡበታል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የእጣኑ መዓዛ ደኅና ነኝ ያሰኛችኋል እንጂ አያስጠነቅቃችሁም። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ። አስም ያለበት ሰው ወይም ሕፃን ባለበት ቤት ውስጥ ጨርሶ አታጭሱ።

ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጬ ፍሙን በረንዳ ላይ ወዳለ የአሸዋ ጣሳ በመቆንጠጫ አወጣዋለሁ። ፍሙን ከማጨሻው ሳላወጣ አልተኛም። ውኃ ግን አላፈስበትም፤ ትኩስ ሸክላ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃል፣ የመጀመሪያ ማጨሻዬን ያጣሁት እንዲያ ነው።