ቢ ቁልፍን ሳይነኩ ማሪዮን መጨረስ፦ ለጌም ክልከላ እንዴት ይመረጣል?

በድሬዳዋ ፀሐይዋ በርትታ ሱቆች በራቸውን በሚዘጉበትና ከዚራ ጭር በሚልበት የቀትር ሰዓት፣ ላፕቶፕ ከፍቶ በአንዲት ሰከንድ የጌም እንቅስቃሴ ላይ ሙሉ ከሰዓት መዋል ለማያውቀው ሰው ይገርማል። ሥራው ግን ይኸው ነው፤ ጌሙን በኢሙሌተር (የድሮ ጌም በኮምፒውተር በሚያጫውት ፕሮግራም) ፍሬም በፍሬም፣ ማለትም አንድ አንድ ምስል ብቻ እያስኬዱ፣ በእያንዳንዱ ፍሬም የሚጫነውን ቁልፍ እየወሰኑ፣ ሲበላሽ ሴቭ ወደተደረገው ቦታ ተመልሰው እያረሙ፣ በመጨረሻ ሳይቆራረጥ የሚሄድ አንድ የቁልፍ መዝገብ ማዘጋጀት ነው። የድሮው ኒንቴንዶ በሰከንድ 60 ያህል ፍሬም ስለሚያሳይ፣ አንዷ ሰከንድ 60 ውሳኔ ትጠይቃለች።

ጀማሪ በፍጥነት ብቻ እንዲወዳደር አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ደረጃ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው የሚያሻግረው በየ21 ፍሬሙ ብቻ ስለሆነ፣ በብዙ ድካም የተገኙ አምስት ስድስት ፍሬሞች ሳያተርፉ ሊቀሩ ይችላሉ። ክልከላ፣ ማለትም አንድን ቁልፍ ወይም እንቅስቃሴ ላለመጠቀም ራስን መገደብ፣ ግን ያንኑ ጌም እንደ አዲስ ያደርገዋል። ማሪዮ የሚሮጠው ቢ ቁልፍ ሲያዝ ነው፤ ቢን ከከለከሉ ዝላዩ ያጥራል፣ በሩጫ በቀላሉ ይታለፍ የነበረ ገደል ከጫፉ ካልተነሡ አያሻግርም፣ ጠላቶቹም በለመዱት ሰዓት አይገናኙዎትም። በልጅነቴ በቃሌ የያዝኩት ደረጃ እንደገና ሲያስቸግረኝ የማገኘውን ደስታ ሌላ ጌም ሰጥቶኝ አያውቅም።

ከመጀመርዎ በፊት ክልከላውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ቢ እሳት መወርወሪያም ስለሆነ፣ የተከለከለው ሩጫው ነው ወይስ ቁልፉ ራሱ? በሱፐር ማሪዮ 64 የመዝለያውን ኤ ቁልፍ በተቻለ መጠን ሳይጫኑ ለመጨረስ የሚጥሩ ተጫዋቾች አንዱን ንክኪ መጫን፣ መያዝና መልቀቅ ብለው ከፍለውታል። አስቀድሞ ተጭኖ እንደተያዘ ወደ ደረጃው የተገባበትን ቁልፍ «ግማሽ» ብለው የቆጠሩት፣ ክፍፍሉ ያለ አዲስ ንክኪ የሚያልፍ መንገድ ስላሳያቸው ነው።

በየደረጃው መግቢያ በተለያየ ስም ሴቭ ያድርጉ፤ መብራት በድንገት ጠፍቶ የሁለት ቀን ሥራ ከሄደብኝ ወዲህ መዝገቡን በፍላሽም እገለብጣለሁ። የመጀመሪያውን ደረጃ እንደጨረሱ ምንም ሳያስረዱ ለአንድ ጓደኛዎ ያሳዩት። «ለምን አይሮጥም?» ብሎ ከጠየቀ ክልከላው ታይቶታል፤ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይለፉ።