ዶሜይን ሰርቨሩ ተጠቃሚ አላስገባ ሲል፣ ባካፑም አልመለስ ሲል

አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የመሥሪያ ቤቱን ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች «ዶሜይን» በተባለ አንድ ክልል የሚያስተዳድረው የማይክሮሶፍት ሥርዓት) በሚሠራበት መሥሪያ ቤት «የይለፍ ቃሌን አልቀበል አለኝ» የሚል አቤቱታ ሲመጣ የብዙዎቻችን እጅ የሚቸኩለው የይለፍ ቃሉን ወደ መቀየር ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ምልክቱን ሸፍኖ መንስኤውን እንዳለ ይተወዋል። ከይለፍ ቃሉ በፊት ሊታይ የሚገባው ጊዜ ነው፤ መግቢያውም ሆነ ባካፑ የሚሠሩት በጊዜ ገደብ ውስጥ ነውና።

ምልክት፦ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ተጠቃሚው አይገባም፤ ወይም የጋራ ፎልደሩ በሰርቨሩ ስም ሲጠራ እምቢ ብሎ በአይፒ አድራሻው ሲጠራ ይከፈታል።

በአይፒ ሲጠራ ማንነትን የሚያረጋግጠው አብዛኛውን ጊዜ ኤንቲኤልኤም የተባለው አሮጌ ዘዴ ሲሆን፣ በስም ሲጠራ ግን ጊዜ በተወሰነለት ትኬት የሚሠራው ከርበሮስ ነው። ከርበሮስ ደግሞ በነባሪው ቅንብር በሁለቱ ማሽኖች መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት አይታገሥም። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በአገራችን አቆጣጠር 3፡00 ብሎ የሞላ ሰው፣ ሰርቨሩ 9፡00 ብሎ ከሚያውቀው ሰዓት በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ከሁሉ ይበልጥ የሚሰወረው ግን የሰዓት ቀጠና ስሕተት ነው፦ ቀጠናው የሌላ አገር ሆኖ ሳለ አንድ ሰው የሚታየውን ሰዓት በእጁ ቢያስተካክለው ስክሪኑ ላይ ምንም ጉድለት አይታይም፤ ከርበሮስ የሚያነጻጽረው ግን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ስለሆነ የሰዓታት ልዩነት ያገኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀጠናው ከዩቲሲ በ3 ሰዓት የሚቀድመው የምሥራቅ አፍሪካ መሆኑ ይረጋገጥ፤ ከዚያ ሰዓቱ ይስተካከል። የፒዲሲ ኢሙሌተርን ሚና (በዶሜይኑ ውስጥ የሰዓት መሪነትን) የያዘው ዶሜይን ኮንትሮለር፣ ማለትም የተጠቃሚዎችን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰርቨር፣ ደብሊው32ቲኤም በተባለው ትዕዛዝ ከታመነ የውጭ የሰዓት ምንጭ ጋር ይያያዝ፤ የዩዲፒ ፖርት 123ም ክፍት ይሁን። ሌሎቹ ማሽኖች ሰዓታቸውን ከዶሜይኑ ይወስዳሉ። ሰዓቱ ደኅና ከሆነ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን ዲኤንኤስ ይመልከቱ፦ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ 8.8.8.8ን «ለመጠባበቂያ» ብሎ በሁለተኛነት ማስገባት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ያ የጉግል የሕዝብ ዲኤንኤስ የእርስዎ ዶሜይን ኮንትሮለር የት እንዳለ አያውቅም።

ምልክት፦ አካውንቱ እየተከፈተ መልሶ ይቆለፋል።

የድሮውን የይለፍ ቃል የያዘ ስልክ፣ የጊዜ ቀጠሮ የተሰጠው ሥራ ወይም ሰርቪስ አለ ማለት ነው። በፒዲሲ ኢሙሌተሩ የሴኩሪቲ ሎግ ውስጥ ቁጥር 4740 የሆነው መዝገብ ጥያቄው ከየትኛው ኮምፒውተር እንደመጣ ይናገራል። በኤልዳፕ (ዳይሬክተሪውን ለመጠየቅ በሚያገለግለው ፕሮቶኮል) የሚገባ ሶፍትዌር ስሕተት 49 ካሳየ አጠገቡ ያለው ንዑስ ቁጥር ይነበብ፦ 532 የይለፍ ቃሉ ጊዜው አልፏል፣ 533 አካውንቱ ታግዷል፣ 775 ተቆልፏል ማለት ነው።

ምልክት፦ ከባካፕ የተመለሰ ኮምፒውተር ከዶሜይኑ ጋር ያለው መተማመን መቋረጡን ይናገራል።

ኮምፒውተሩ ራሱ የይለፍ ቃል አለው፤ በነባሪው ቅንብር በየ30 ቀኑ ይቀይረዋል። የቆየ ኢሜጅ (የመላው ዲስክ ቅጂ) ሲመለስ አሮጌው ቃል አብሮት ይመለሳል። ማሽኑን ከዶሜይኑ ማውጣት አያስፈልግም፤ በማሽኑ የራሱ አስተዳዳሪ አካውንት ገብቶ በፓወርሼል (በዊንዶውስ የትዕዛዝ መስጫ) የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል ማደስ ይበቃል።

ምልክት፦ ዶሜይን ኮንትሮለሩ ከተመለሰ በኋላ ሰው በአንዱ ሰርቨር ይገባል፣ በሌላው አይገባም፤ ወይም መግቢያን የሚያስተናግደው ኔትሎጎን ሰርቪስ ቆሟል።

ከሁሉ አጥብቄ የማስጠነቅቀው በዚህ ነው። የዶሜይን ኮንትሮለር የዲስክ ቅጂ እንደ ተራ ፋይል ሲመለስ ሰርቨሩ ሌሎቹ አስቀድመው ያዩትን የለውጥ ተራ ቁጥር ደግሞ ይጠቀማል፤ ጓደኞቹም አዲሱን ለውጥ «አይተነዋል» ብለው ይዘሉታል። ስለዚህ በእርሱ ላይ የተቀየረ የይለፍ ቃል ወደ ሌሎቹ አይደርስም። በዳይሬክተሪ ሰርቪስ ሎግ ቁጥር 2095 ከታየ መንስኤው ይኸው ነው። መፍትሔው ሰርቨሩን አስገድዶ ከሚናው ማውረድ፣ ቅሪቱን ከዳይሬክተሪው ማጽዳትና እንደ አዲስ ማስገባት ነው። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ጀምሮ፣ ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያሠራው ሶፍትዌር የሚደግፈው ከሆነ፣ ሰርቨሩ ወደ ኋላ መመለሱን ራሱ ያውቃል፤ ይህ ግን የባካፕ ምትክ አይደለም።

ትክክለኛው ባካፕ ሲስተም ስቴት የሚባለው ነው፤ የዳይሬክተሪው ዳታቤዝና ሲስቮል (የዶሜይኑን ፖሊሲዎችና ስክሪፕቶች የያዘው ፎልደር) አብረው የሚገኙት በእርሱ ውስጥ ነው። ባካፑ ከከሸፈ ቪኤስኤስአድሚን በተባለው ትዕዛዝ የኤንቲዲኤስ ራይተር (ዳታቤዙን ለባካፕ የሚያዘጋጀው ክፍል) ሁኔታ ይታይ፤ ከሽፎ ከተገኘ የዲስክ ቦታውን አረጋግጦ ሰርቨሩን እንደገና ማስነሣት ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። ባካፑም ዕድሜ አለው፦ በነባሪው 180 ቀን ካለፈው፣ የተሰረዙ አካውንቶችን መልሶ ሕያው ሊያደርግ ስለሚችል አይመለስም።

ባካፑን ከዋናው ኔትወርክ በተለየ ማሽን ላይ መልሰው ይፈትኑት፤ በዚያው ቀን የዲኤስአርኤም (ዳይሬክተሪው ሳይነሣ ሰርቨሩ ለጥገና የሚገባበት ሁኔታ) የይለፍ ቃሉን ይሞክሩት። ይህ ቃል ሰርቨሩ መጀመሪያ ዶሜይን ኮንትሮለር ሲደረግ የተሰጠ ነው፤ ሳይያዝ ከቀረም ሰርቨሩ ጤነኛ ሳለ በኤንቲዲኤስዩቲል ትዕዛዝ ሊቀየር ይችላል።