የመቶኛ ስሌት ሲሳሳት፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

የመቶኛ ለውጥን ቀመር ሁሉም ያውቀዋል፤ ከአዲሱ መጠን ላይ የቀድሞው ይቀነሳል፣ ልዩነቱ ለቀድሞው ተካፍሎ በ100 ይባዛል። ሆኖም ከደሴና ከኮምቦልቻ ሱቆች ተበላሽተው በሚመጡልኝ መዝገቦች ላይ ስህተቱ የሚገኘው ከማካፈሉ ሳይሆን «የቀድሞው» ተብሎ ከተያዘው ቁጥር ነው።

ምልክት፦ በወሩ መጨረሻ የታክሱ ድምር ከደረሰኞቹ ጋር አልገጥም ይላል።

ምክንያቱ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) ታክሱን ራሱን ከጨመረው ጠቅላላ ዋጋ ላይ መሰላቱ ነው። ደጋግሜ የማስተካክለው ይህንኑ ነው። አንድ የደሴ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ቫትን ጨምሮ በ46,000 ብር የሸጠውን ቆርቆሮ ሒሳብ ያዡ በ0.15 አባዝቶ 6,900 ብር ታክስ ብሎ መዝግቦት ነበር፤ ትክክለኛው ግን 6,000 ብር ነው፣ ምክንያቱም ታክሱ የተጣለው በ40,000 ብሩ ላይ ነው። በዚህ አንድ ሽያጭ ብቻ ባለቤቱ የማይፈለግበትን 900 ብር ከራሱ ገቢ ላይ ቀንሶ ታክስ አደረገው ማለት ነው። ይባስ ብሎ ልዩነቱን «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚል ርዕስ የሚሸፍኑ አሉ፤ ይህ የሰውን ገንዘብ በኃላፊነት ለያዘ ሰው ፈጽሞ አይገባም።

መፍትሔው ጠቅላላውን ለ1.15 ማካፈል ነው፤ የሚገኘው ከታክስ በፊት ያለው ዋጋ ነው፣ ታክሱ ደግሞ የሁለቱ ልዩነት ነው። የተገኘውን መልሰው በ1.15 ሲያባዙት ጠቅላላውን ካልሰጠዎት መዝገቡ ላይ አይጻፉት። ታክሱን ከጠቅላላው በ0.15 አባዝተው አያውጡ። በችኮላም ቢሆን አያውጡ።

ምልክት፦ ሁለት ሸሪኮች በአንድ ትርፍ ላይ ሁለት መቶኛ ይናገራሉ።

ባቲ ሰኞ ገበያ በ8,000 ብር ተገዝቶ በ10,000 ብር የተሸጠ ፍየል በመግዣው ሲሰላ 25፣ በመሸጫው ሲሰላ 20 በመቶ አትርፏል። ሁለቱም ትክክል ስለሆኑ ጠቡ የሚበርደው ውሉ ላይ «በመግዣው» ወይም «በመሸጫው» ተብሎ ሲጻፍ ነው።

የምንዛሪው ነገርም እንዲሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57.48 ወደ 74.73 ብር ሲወጣ ዶላር 30 በመቶ ጨመረ፤ ብር በዶላር ሲለካ ያጣው ግን 23 በመቶ ገደማ ነው። «ብር 30 በመቶ ወረደ» ብሎ ዋጋ የሚተምን ነጋዴ የተሳሳተ መነሻ ይዟል።

ምልክት፦ 20 በመቶ ጨምሮ 20 በመቶ የቀነሰ ዋጋ ወደ ቦታው አልተመለሰም።

1,000 ብር 1,200 ይሆናል፣ ከዚያም 960። ቅናሹ የተሰላው በ1,200 ላይ ነውና፤ ከ1,200 ወደ 1,000 ለመመለስ 16.67 በመቶ ቅናሽ ይበቃል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ፦ መነሻው ዜሮ ከሆነ መቶኛ የለውም፣ ልዩነቱን በብር ይጻፉ። ወለድ ከ7 ወደ 9 በመቶ ሲወጣ ጭማሪው 2 የመቶኛ ነጥብ ነው እንጂ 2 በመቶ አይደለም።

አንዳንድ የጠረጴዛ ካልኩሌተሮች 100 + 15 ብለው የመቶኛውን ቁልፍ ሲጫኑ 115 በማለት ፈንታ 117.65 ገደማ ያወጣሉ፣ ምክንያቱም ለ0.85 ያካፍላሉ። አዲስ ካልኩሌተር ሲገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ በዚህ ይፈትኑት፤ 115 ካላለ በዚያ ቁልፍ ቫት አያስሉበት።