ለኅብረት ሥራ ማኅበር ድረ ገጽ የሚሆን የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት እንዴት ይመረጣል?

በደጀን ወይም በቡሬ ያለ የገበሬዎች ማኅበር የጤፉንና የበቆሎውን ዋጋ በየሳምንቱ የሚያወጣበት ድረ ገጽ ሊያሠራ ሲነሣ፣ ከገጹ መልክ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ባለሙያው ሠርቶ ከሄደ በኋላ ዋጋውን የሚቀይረው ማን እንደሆነ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 የድሩ ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ የመጀመሪያውን ድረ ገጽ ከከፈተ በኋላ ለዓመታት ገጾች ኤችቲኤምኤል በሚባለው የድረ ገጽ መጻፊያ ኮድ በእጅ ይጻፉ ስለነበር፣ አንዲት ቁጥር ለመለወጥ እንኳ ኮድ አዋቂ ይፈለግ ነበር። የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ይህን ያቃለለው ጽሑፉን በዳታቤዝ (በመረጃ ማከማቻ)፣ መልኩን በቴምፕሌት (በተዘጋጀ የገጽ ቅርጽ) ለይቶ በማስቀመጥ ነው። ድሩፓል በ2001፣ ዎርድፕረስ በ2003፣ ከማምቦ የተገነጠለው ጁምላ በ2005 ወጡ፤ ሦስቱም በነጻ የሚገኙና ኮዳቸው ክፍት የሆነ ነው።

ዋጋውን የሚቀይረው ኮድ የማያውቅ የማኅበሩ ጸሐፊ ከሆነ ዎርድፕረስ ይበቃል። ድሩፓል ብዙ ክፍልና የተለያየ ሥልጣን ያላቸው ሠራተኞች ላሉት እንደ ዩኒቨርሲቲ ላለ ተቋም ይስማማል እንጂ ለአንድ ማኅበር ሸክም ነው። እንደ ዊክስ ያሉት በክፍያ የሚሰጡ አገልግሎቶች ገጹ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር (ሰርቨሩን)ም ጥገናውንም ራሳቸው ይይዛሉ፤ ነገር ግን ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ገጹን ነቅሎ ወደ ሌላ ማዛወርም ያስቸግራል። ይዘቱን ብቻ ይዘው መልኩን ለሌላ ፕሮግራም የሚተዉት «ሄድለስ» የሚባሉት ፕሮግራመር ለሌለው ቤት አይሆኑም። እንደ ሁጎ ያሉት ግን ገጹን ያለ ዳታቤዝ በራስ ኮምፒውተር ላይ ስለሚያዘጋጁ፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ሥራውን ያለ ኢንተርኔት ጨርሶ መስመሩ ሲመለስ መስቀል ይቻላል። ማርክዳውን የሚባለውን፣ ጽሑፍን በቀላል ምልክቶች የማዘጋጃ ዘዴ ለመማር የማይሰንፍ ወጣት ከተገኘ፣ በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። (እንዲህ ያለው ወጣት ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ስለዚህ ሁለት ሰው ማሠልጠን ይበጃል።)

ዎርድፕረስን የመረጠ ማኅበር ጽሑፍ ከማውጣቱ በፊት የገጹን አድራሻ ያስተካክል። ፕሮግራሙ አድራሻውን ከርእሱ ይሠራል፤ አንድ የግእዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የኮምፒውተር የፊደል አጻጻፍ ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ በአድራሻው ውስጥ በመቶኛ ምልክት እየተለየ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። የተፈቀደው 200 ምልክት ብቻ በመሆኑም ከ22 ፊደል ካለፈ ርእስ የሚሠራው አድራሻ ይቆረጣል፤ በቴሌግራም ሲላክም ማንም የማያነበው የቁጥር ሰንሰለት ሆኖ ይታያል። ርእሱን በአማርኛ ትተው፣ በአድራሻው ሳጥን ውስጥ የእህሉን ስምና ወሩን በላቲን ፊደል ይጻፉ።

ከዚያ በኋላ የማይፈለጉትን ፕለጊኖች (ተጨማሪ ፕሮግራሞች) ያጥፉ፣ የቀሩትን በየጊዜው ያድሱ፤ የዳታቤዙንና የፎቶዎቹን ቅጂ ከሰርቨሩ ውጭ በፍላሽ ያስቀምጡ፤ የዶሜይኑ (የድረ ገጹ ስም) ምዝገባም በሠሪው ሳይሆን በማኅበሩ ስም ይሁን።